ኮምቦልቻ ያለውን ነጭ ስክሪን ከደሴ ሆኖ ማየት፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

ከኮምቦልቻው የሕንፃ ዕቃ መደብር ዛሬም ተደወለ። ቅሬታው ያው ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃ ስትፈልግ ዝርዝሩ ነጭ ይሆናል። የስህተት መልእክት የለም። ፕሮግራሙም አይዘጋም። ዝም ብሎ ይነጣና መፈለጊያው ሳጥን ይቆለፋል። ዘግታ ስትከፍተው ይሠራል። ከዚያ ደንበኛ ቆሞ እያየ ድጋሚ ነጭ።

ሶፍትዌሩን የጻፈው ሌላ ባለሙያ ነው። እሱ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ኮዱ ለእኔ ደረሰ። በሲ ሻርፕ የተሠራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። የሽያጭ ገጹ ግን ዌብ ነው፤ ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ በተቀመጠ ብሮውዘር የሚታይ።

ደሴ ባለው የእኔ ኮምፒውተር ላይ ችግሩ ጨርሶ አይታይም። ወርጄ አጠገቧ ስቀመጥም አልታየም። ሁለቱ ከተሞች ሩቅ አይደሉም፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎን ቁልቁል መውረድ። ግን እኔ ስደርስ ደህና የሚሆን በሽታ ለመጠበቅ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ መዋል አያዋጣም። የመደብሩ ባለቤት ሐጂ ደግሞ ጥርጣሬያቸውን ነግረውኛል፦ «ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ነው።» ልጅቷም ሰምታለች። ነገሩ ቶሎ መታወቅ አለበት።

ሰኞ ከሰዓት

ውስጥ ያለው ብሮውዘር የማይክሮሶፍት ዌብቪው 2 ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ ኤጅ ነው፤ የኤጅም መሠረቱ ክሮሚየም (የክሮምም መሠረት የሆነው ብሮውዘር) ነው። ይህ ደስ ይላል። ክሮሚየም ያለበት ቦታ ሁሉ የሪሞት ዲበጊንግ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ ሆኖ ገጹን የሚመረምሩበት በር፣ መክፈት ይቻላል። ፖርቱ ከተከፈተ ሌላ ቦታ ያለ ብሮውዘር ገብቶ ኮንሶሉን (ስህተት የሚጻፍበትን ቦታ)፣ ኤለመንቱን፣ ኔትወርኩን ማየት ይችላል። ኤፍ 12 ተጭኖ የሚመጣው መስኮት በሙሉ ማለት ነው።

ታዲያ ራሱን ኤፍ 12 ለምን አልጠቀምም? ተዘግቷል። የቀድሞው ባለሙያ ዴቭቱልስንም (ይህንኑ መስኮት) በቀኝ ክሊክ የሚመጣውንም ሜኑ አጥፍቷቸዋል። አልነቅፈውም፤ ሱቅ ውስጥ በስህተት ተጭኖ የሚከፈት የኮድ መስኮት ማንም አይፈልግም። ደግነቱ ያ ማጥፊያ የሚከለክለው ኪቦርዱንና ሜኑውን ብቻ ነው። ፖርቱን አይነካም።

ፖርቱን ለመክፈት መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ ኮዱ ውስጥ ብሮውዘሩ ሲፈጠር ተጨማሪ ትእዛዝ ማቀበል ነው። ይህን አልፈለግኩም። አዲስ ፕሮግራም ሠርቼ ከላክሁ የምመረምረው ያንኑ ፕሮግራም መሆኑ ይቀራል። ደግሞም ለምርመራ ተብሎ ኮድ ውስጥ የገባ ነገር ተረስቶ ደንበኛ ጋ ይደርሳል፤ ይህን ስንቴ አይተነዋል።

ሌላው መንገድ ሬጅስትሪ፣ ማለትም የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ነው። በፕሮግራሙ ስም ብቻ ለይቶ መጻፍ ይቻላል። ፕሮግራሙ በሌላ ፕሮግራም የሚነሳ ከሆነ ይሄ ይሻላል።

የመረጥኩት ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሉን ነው፤ ፕሮግራም ሲነሳ የሚያነበው ስምና ዋጋ ማለት ነው። ስሙ ዌብቪው2_አዲሽናል_ብሮውዘር_አርጊዩመንትስ ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ካፒታል ፊደል፣ በስር መስመር ተያይዞ ይጻፋል። ዋጋው ደግሞ --ሪሞት-ዲበጊንግ-ፖርት=9222 ነው፤ ይሄኛው በትንሹ ፊደል። ሁለት መስመር ያለው ባች ፋይል (ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ ፋይል) አዘጋጀሁ። አንደኛው መስመር ቫሪያብሉን ይሞላል፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙን ያስነሳል። በቃ።

ይህን ቫሪያብል በዊንዶውስ ሴቲንግ ገብታችሁ ለመላው ኮምፒውተር አትሙሉት። ዌብቪው 2 የሚጠቀም ፕሮግራም ሁሉ ያነበዋል። አዲሱ ቲምስም አዲሱ አውትሉክም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሁሉም 9222 ላይ ይሻማሉ፤ እናንተም የማን ገጽ እንደተከፈተላችሁ አታውቁም። በባች ፋይል ከሆነ ግን ቫሪያብሉ የሚኖረው ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ማክሰኞ

መጀመሪያ እዚሁ ደሴ በራሴ ማሽን ሞከርኩ። ባች ፋይሉ ፕሮግራሙን አስነሳ። ፖርቱ ግን የለም። በኮማንድ መስመሩ የተከፈቱ ፖርቶችን የሚዘረዝረውን ኔትስታትን ከነ ‐ኤኤንኦ አስኬጄ 9222ን ብፈልግ ባዶ።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሳያውቁት ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ዌብቪው 2 ዋናውን የብሮውዘር ሂደት የሚያስነሳው በዩዘር ዳታ ፎልደሩ (ብሮውዘሩ የተጠቃሚውን ዳታ በሚያስቀምጥበት) ልክ ነው። አንድ ፎልደር፣ አንድ ሂደት። ከቀድሞው የቀረ ሂደት ከበስተጀርባ ካለ ያ ሂደት ይዞት የተነሳውን ትእዛዝ እንደያዘ ይቀጥላል። አዲሱን አይቀበልም። በተለያየ ትእዛዝ በአንድ ፎልደር ላይ ሁለተኛ ልክፈት ካላችሁ ጭራሽ ስህተት ይመልሳል። ታስክ ማናጀር ውስጥ በኤጅ ዌብቪው 2 ስም የተቀመጡትን፣ የእኔ ፕሮግራም የሆኑትን ለይቼ ዘጋሁ። ባች ፋይሉን ድጋሚ ነካሁት። 127.0.0.1፣ ፖርት 9222፣ ሊስኒንግ። መጣ።

ከዚያ ኤጅ ላይ የአድራሻ መስመሩ ጋ ኤጅ://ኢንስፔክት ብሎ መግባት ነው። ክሮም ያለው ሰው ክሮም://ኢንስፔክት ይላል። ኮንፊገር የሚለውን ነክቶ ሎካልሆስት:9222 መጨመር። ትንሽ ቆይቶ የሽያጭ ገጹ ከነርዕሱ ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ኢንስፔክት የሚል አለ። ገጹ ካልታየ በሎካልሆስት:9222 ላይ /ጄሰን/ሊስት ጨምሮ መክፈት ነው። ብሮውዘሩ የያዛቸውን ገጾች ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱም የዌብሶኬት አድራሻ (ሌላ ፕሮግራም ገጹን በቀጥታ የሚያናግርበት) አለው። እኔ ሁልጊዜ እሱን አስቀድማለሁ። ዝርዝሩ ከመጣ ፖርቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው።

ሁለት ጥቃቅን ነገር። የደንበኛው ብሮውዘር ከእኔ የበለጠ አዲስ ከሆነ የሚከፈተው መስኮት ይበላሻል፤ ለዚያ ኢንስፔክት ፎልባክ የሚል ሌላ መግቢያ አለ። ሁለተኛ፣ መስኮቱ በግራ በኩል የደንበኛውን ገጽ ምስል ያሳያል። ስክሪንካስት ይሉታል። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ቶሎ አጥፉት። ምስሉ ከጠፋ በኋላ የሚመላለሰው በአብዛኛው ጽሑፍ ነው፤ በሞባይል ዳታም ይሄዳል። ስክሪን ከሚያጋሩ ፕሮግራሞች ይልቅ ይህን የመረጥኩት አንድም ለዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ልጅቷ እየሸጠች ማውሷን አልነጥቃትም።

ረቡዕ

የዛሬው ሥራ ደሴን ከኮምቦልቻ ማገናኘት ነው።

ፖርቱ የሚሰማው በራሱ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው፤ በ127.0.0.1። ከውጭ አይገባም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ እንዲሁም ይቆይ። ዊንዶውስ ላይ ፖርቱን ወደ ውጭ የሚያዞር ትእዛዝ አለ። አንዳንዱ ሰው እሱን አድርጎ ፋየርዎሉን ይከፍታል። እኔ አላደርገውም። ይህ ፖርት የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ደርሶ ያገኘው ሁሉ ገጹ ላይ የፈለገውን ጃቫስክሪፕት ያስኬዳል፣ ኩኪ (ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የመግቢያ መረጃ) ያነባል፣ ስክሪን ያነሳል። የሱቁን የኋላ በር ከፍቶ ለጁምዓ እንደመሄድ ነው። ኩኪ የሚሰርቁ ፕሮግራሞች ስለተጠቀሙበት ክሮም ራሱ በ2025 ከወጣው 136ኛው እትም ጀምሮ በዋናው የተጠቃሚ ፎልደር ላይ ይህን ትእዛዝ መቀበል አቁሟል።

መደብሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው በሲም ካርድ ከሚሠራ የዋይፋይ ሳጥን ነው። ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ የለውም። ስለዚህ እኔ ወደ እነሱ መሄድ አልችልም፤ እነሱ ናቸው ወደ እኔ መምጣት ያለባቸው። ተከራይቼ የምጠቀምበት አነስተኛ ሰርቨር አለኝ። ከመደብሩ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ በኤስኤስኤች (ሁለት ኮምፒውተሮችን በምስጢር በሚያገናኝ ዘዴ) የተገላቢጦሽ ዋሻ ተዘረጋ። ከእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ወደዚያው ሰርቨር ተራው ዋሻ። ሁለቱ ሰርቨሩ ላይ በ9222 ይገናኛሉ። ሰርቨሩ ላይም ፖርቱ ለውስጥ ብቻ ነው፤ ኤስኤስኤች ካልነገሩት በቀር ለውጭ አይከፍተውም። ዊንዶውስ 10 ላይ የኤስኤስኤች ደንበኛው አብሮ ስለሚመጣ መደብሩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አልተጫነም።

ለመደብሩ የተለየ ቁልፍ ሠራሁ። ያ ቁልፍ ዋሻ ከመክፈት ሌላ ሰርቨሩ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። ሰርቨርአላይቭኢንተርቫል የሚባለውንም 30 አድርጌ አስገባሁ። ኮምቦልቻ መስመሩ ብልጭ ድርግም ሲል ዋሻው ሞቶ የቆመ መስሎ እንዳይቀመጥ ነው።

አድራሻ ላይ ሁልጊዜ ሎካልሆስት ብላችሁ ግቡ። በኮምፒውተሩ ስም ከገባችሁ ክሮሚየም ጥያቄውን ይመልሰዋል። ከሎካልሆስትና ከአይፒ ቁጥር ውጭ ያለ ስም አይቀበልም።

ከመጀመሬ በፊት ሐጂ ጋ ደወልኩ።

«ሐጂ፣ ከዚህ ሆኜ የሽያጩን ገጽ ውስጡን ላየው ነው። የዱቤው ዝርዝርም ሊታየኝ ይችላል። ይፈቅዱልኛል?»

«አንተማ እየው። ሌላ ሰው ግን እንዳያየው ልጄ። የሰው ገበና ነው።»

ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዲህ ያለ ነገር የሚከፍቱ ባለሙያዎች አውቃለሁ። የደንበኛ የዱቤ ዝርዝር ማለት ግማሽ ከተማ ማለት ነው።

ልጅቷን ጠዋት ጠዋት ፕሮግራሙን ከድሮው ምልክት ሳይሆን ዴስክቶፑ ላይ ካስቀመጥኩት አዲስ ምልክት እንድትከፍት ነገርኳት። «እሺ ወንድሜ፣ ብቻ የኔ ጥፋት እንዳልሆነ ይታወቅ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት

ተገናኘን። ጦሳ ሥር ቁጭ ብዬ የኮምቦልቻውን ኮንሶል አያለሁ። ሲሚንቶ ሸጠች፤ ደህና። ፌሮ 12 ሸጠች፤ ደህና። ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፤ ሁሉም ደህና። ኮንሶሉ ንጹሕ ነው።

መስመሩ ይቆራረጣል። በተቆረጠ ቁጥር የዴቭቱልስ መስኮት ግንኙነቱ ጠፋ ብሎ ይቆማል፤ ድጋሚ መክፈት ያስፈልጋል። በዚያ መሀል ያመለጠ ስህተት ካለ አላየሁትም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ አፍጥጦ መዋልም ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ጻፍኩ። እዚያው መደብሩ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ነው፤ መስመር ቢቆረጥም አይጎዳውም። ሥራው አጭር ነው። የገጹን የዌብሶኬት አድራሻ ከጄሰኑ ዝርዝር ይወስዳል። ከዚያ ረንታይም.ኢኔብል እና ሎግ.ኢኔብል የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ይልካል። ከዚያ በኋላ ብሮውዘሩ ራሱ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር ይናገራል፤ ረንታይም.ኤክሴፕሽንትሮውን ብሎ ይልካል። ፓይተኑ ከሰዓቱ ጋር ፋይል ላይ ይጽፈዋል።

መጀመሪያ ሳስኬደው 403፣ ማለትም «መግባት ክልክል ነው» መለሰልኝ። ይሄ የታወቀ ነው። ከክሮም 111 ወዲህ ዌብሶኬቱ ኦሪጅን የሚል ራስጌ (ጥያቄው ከየት እንደመጣ የሚናገር) ይዞ ከመጣ ብሮውዘሩ አያስገባም። መልእክቱ ራሱ መፍትሔውን ይነግራል፦ --ሪሞት-አላው-ኦሪጅንስ የሚል ትእዛዝ ጨምር ይላል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ኮከብ ምልክት አድርጎ ለሁሉም ይከፍተዋል። ያኔ ብሮውዘር ላይ የተከፈተ ማንኛውም ድረ ገጽ ፖርቱን ማናገር ይችላል። አያስፈልግም። የፓይተኑ ዌብሶኬት ላይብረሪ ኦሪጅኑን እንዳይልክ ማድረግ ይቻላል። ሰፕረስ_ኦሪጅን የሚለውን ትሩ አደረግሁት፤ ገባ።

ሐሙስ ከሰዓት

ከ9 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ስልኬ ጮኸ። «ነጭ ሆነ!» አለች፤ የደስታ ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል። «አትንኪው፣ እንዳለ ተይው» አልኳት።

ፋይሉን ከፈትሁ። አንድ መስመር፦ አንኮት ሲንታክስ ኤረር። ጃቫስክሪፕቱ ሊነበብ እንኳ አልቻለም። የመጣው ከገጹ ፋይል ሳይሆን ከውጭ ከተላከ ቁራጭ ኮድ ነው። ዴቭቱልስ ላይ ገብቼ ያንን ቁራጭ አየሁት። የዕቃ ዝርዝር ነው። ዓይኔ አንዱ ዕቃ ላይ ቆመ፦ ፒፒአር ቧንቧ 3/4"።

የኢንች ምልክቷ!

ሲ ሻርፑ የዕቃ ዝርዝሩን ወደ ገጹ የሚልከው ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ እየቀጠለ ነው። የዕቃውን ስም በትእምርተ ጥቅስ መሀል ይሰካና ኤክስኪዩትስክሪፕት በሚባለው በኩል ያስኬደዋል። ስሙ ውስጥ ራሱ ትእምርተ ጥቅስ ካለ ጽሑፉ እዚያ ላይ ያልቃል፤ የቀረው ለጃቫስክሪፕት ትርጉም የሌለው ነገር ይሆናል። ገጹ ፍለጋ ሲጀመር ዝርዝሩን አጽድቶ ሳጥኑን ቆልፎ መልስ ይጠብቃል። መልሱ አይመጣም። ነጭ።

ስህተቱ ለምን ሳይታይ ቀረ? ኤክስኪዩትስክሪፕት ስክሪፕቱ ቢወድቅ ለሲ ሻርፑ ነል (ባዶ) የሚል ቃል ብቻ ይመልሳል። ምንም የማይመልስ ጤነኛ ስክሪፕትም የሚመልሰው ያንኑ ነል ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ጉዳዩ የሚታወቀው ኮንሶል ላይ ብቻ ነው፣ ኮንሶሉ ደግሞ ተዘግቷል።

ሌላውም ግልጽ ሆነ። የደሴው የሙከራ ዳታ የሸቀጣሸቀጥ ነው፤ ዘይትና ሳሙና በኢንች አይለካም። የቀድሞዋ ገንዘብ ተቀባይ «ኢንች» ብላ በፊደል ትጽፍ ነበር። አዲሷ ልጅ ግን ቧንቧው ላይ የታተመውን እንዳለ ገለበጠች። ትክክል ናት። ፍለጋው በዕቃ ቁጥር ስለሆነ ደግሞ ማንም ከቧንቧ ጋር አላያያዘውም። ሲሚንቶ ፈልጋ 20 ብላ ስትጀምር በ20 የሚጀምር ቧንቧ አብሮ ከመጣ ይነጣል።

ለሐጂ ደውዬ ከልጅቷ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «ታዲያ ከማን ነው?» አሉ። ከኢንች ነው አልኳቸው። ሳቁ። በእርግጥ አላመኑኝም።

አርብ

ማስተካከያው የጠዋት ሥራ ነው። ጽሑፍ መቀጠሉን አወጣሁት። ዝርዝሩ አሁን በጄሰን ሲሪያላይዘር (ዳታን በደንቡ ወደ ጽሑፍ በሚለውጥ) ያልፋል፤ እሱ ትእምርተ ጥቅሱ ጽሑፉን እንዳይቆርጠው ራሱ በሌላ ምልክት ይለውጠዋል። ወደ ገጹ የሚሄደውም በስክሪፕት ሳይሆን በፖስትዌብሜሴጅአዝጄሰን ነው፤ ገጹ መልእክት ይሰማል፣ ይቀበላል። ኮድና ዳታ ተለያዩ።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ነገር። የዶትኔቱ (ሲ ሻርፕ የሚሠራበት መድረክ) ጄሰን ሲሪያላይዘር ካልነገሩት በቀር የእኛን ፊደል በሙሉ ወደ ዩኒኮድ ቁጥር ይለውጠዋል። ገጹ ላይ ሲደርስ ፊደሉ ተመልሶ በትክክል ይታያል፤ ችግር የለም። ሎግ ፋይል ስታነቡ ግን «ቧንቧ» የሚለው ቃል የቁጥር ክምር ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኢንኮደሩ ላይ ከቤዚክ ላቲን ጋር ኢትዮፒክ የሚለውን የዩኒኮድ ክልል መፍቀድ ነው። ከዚያ በኋላ ሎጉ ይነበባል።

ስክሪፕት ማስኬድ ግድ የሚሆንባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። እዚያ አዲሱን ኤክስኪዩትስክሪፕትዊዝሪዘልት አደረግሁ። ይሄኛው ተሳካ ወይስ ወደቀ ብሎ ይመልሳል፣ ስህተቱንም ይሰጣል። ከወደቀ ሎግ ላይ ይጻፋል፣ ለተጠቃሚዋም ሰው የሚገባው መልእክት ይወጣል።

አዲሱን ፕሮግራም የጫንኩት ጁምዓ ሰዓት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ደንበኛ የለም፣ ጥሩ ክፍተት ነው። ከሶላት ሲመለሱ ልጅቷ 20 ብላ ጀመረች። ቧንቧው ከነኢንቹ መጣ።

ከዚያ ማጽዳት። ባች ፋይሉ ጠፋ፣ የፓይተኑ ፕሮግራም ጠፋ። የሰበሰበው ሎግም ጠፋ፤ የዕቃ ስም ብቻ ሳይሆን የሰው ስምም ነበረበት። የመደብሩ ቁልፍ ከሰርቨሩ ተሰረዘ። የቀሩት የዌብቪው ሂደቶች ተዘጉ። በመጨረሻ ኔትስታት፦ 9222 የለም።

ቅዳሜ

አንድ ጓደኛዬ እሱ ጋ ዌብቪው እንዳልሆነ ነገረኝ። ብሮውዘርን ፕሮግራም ውስጥ ለሚያስገቡ ለሌሎች መሣሪያዎችም ቢሆን ነገሩ ይቀራረባል። ሴፍሻርፕ ላይ ሴቲንጉ ውስጥ ሪሞትዲበጊንግፖርት የሚል አለ፤ ሴፍ (ውስጡ ያለው ብሮውዘር) ከመነሳቱ በፊት መሞላት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም። ኪውት ዌብኤንጂን ኪውትዌብኤንጂን_ሪሞት_ዲበጊንግ የሚል የራሱ ቫሪያብል አለው። ኤሌክትሮን ያንኑ የክሮሚየም ትእዛዝ ይቀበላል።

የእኔ ሥራ ግን አላለቀም። ዝርዝሩ አሁን በሙሉ ሲታይ ሌላ ነገር ወጣ። ያው ቧንቧ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ አንዴ «3/4 ኢንች» ተብሎ በድሮዋ፣ አንዴ በምልክት በአዲሷ። ግማሹ ሽያጭ ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው ተቀንሷል። ኤልቦውም፣ ቲውም፣ ሶኬቱም (የቧንቧ ማያያዣዎቹ) እንደዚሁ። መጋዘን ያለው ከስክሪኑ ጋር አይገጥምም። ሁለቱን ስም አንድ የሚያደርግ ኩዌሪ (የዳታቤዝ ትእዛዝ) ጽፌአለሁ፤ ግን መጀመሪያ በእጅ ካልተቆጠረ አላስኬደውም። ሐጂ ቆጠራው እሑድ ይሁን ብለዋል፤ እኔም እወርዳለሁ።